የፒያሳ ፍርስራሽና የካባው መንገድ

መምህራችን የሰጡን ሥራ ቀላል ይመስል ነበር። «በየቀኑ አጠገቡ የምታልፉትን አንድ ነገር ምረጡና መጨረሻው ድረስ ተከተሉት» አሉን፤ በቃ። አንዱ የሎተሪ ቲኬት መረጠ፣ አንዷ የማኪያቶ ወተት። እኔ ፍርስራሽ መረጥኩ። የሠፈሬ ነገር ነውና ብዙ የምለፋ አልመሰለኝም። በሦስት ቀን ውስጥ አራት ገጽ ጽፌ ሰጠሁ። መጨረሻው ላይ በጣም የኮራሁባት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ «የአያቴ ቤት ድንጋይ ዛሬ መንገድ ሆኖ ሌላውን ያሻግራል» የምትል። ጽሑፉ ሲመለስልኝ ያቺው ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ተከባለች። ዳሯ ላይ ሁለት ቃል ተጽፏል፦ «ማን አየ?»

እውነቱን ለመናገር ማንም አላየም። ሰምቼ ነው። ከማን እንደሰማሁ እንኳ በደንብ አላስታውስም። ታክሲ ውስጥ ይሁን ካፌ ውስጥ፣ «የፒያሳን ፍርስራሽ ወስደው የካባ መንገድ ላይ አነጠፉት» ሲባል ጆሮዬ ገባ፤ ጆሮዬ የገባውን ደግሞ እስክሪብቶዬ ሳይጠይቅ ተቀበለው። ስለዚህ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ።

ከመጀመሪያው ማለት ከምኒልክ አደባባይ ነው። በፈረስ ላይ ያሉት የንጉሠ ነገሥቱ ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ነው፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ነቅሎት ነበር፣ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። አሁን አጠገቡ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። «ዓድዋ ዜሮ ዜሮ» ሲባል የቆየው ከዚሁ አካባቢ የአገሪቱ የመንገድ ርቀት ስለሚቆጠር ነው። እንግዲህ መንገድ ሁሉ ከዜሮ በሚጀምርበት ቦታ ቆሜ፣ መንገድ ሆነ የተባለ ቤት ፍለጋ ልወጣ ነው። ለራሴም ሳቄ መጣ።

የአያቴ ቤት ዶሮ ማነቂያ ነበር። ከአደባባዩ በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው፤ ወይም ነበር። ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ እንደ ብዙው የሠፈሩ ቤት የቀበሌ ሆኖ የኖረ፣ ሁለት ክፍልና አንዲት ኋላ የተቀጠለች ማድ ቤት። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማቱ ሠፈሩ ሲነሣ እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ስለ መነሣቱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የማወራው ከተነሣ በኋላ መሬት ላይ ስለቀረው ነገር ነው።

ቤት ሲፈርስ ሁሉም ነገር ፍርስራሽ ይሆናል ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ አንድ ቀን ብቻ ቆማችሁ ብታዩ ኖሮ! መጀመሪያ ቆርቆሮው ይወርዳል፤ ቆርቆሮ የማይቀደምበት ገንዘብ ነው። ከዚያ በርና መስኮት ከነፍሬማቸው፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከዚያ ቋሚና ማገሩ ለማገዶ። ቆራሌው ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ያልፋል። አብዛኛው ብረታ ብረት ወደ መርካቶ ይወርዳል፤ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምጣድ፣ ማንደጃ፣ የበር ማጠፊያ ሆኖ ይነሣል። ከፋብሪካ የወጣ በርሜልና የተጣለ ላሜራ ሳይቀር እዚያ አዲስ ሥራ ያገኛል። ስለ «ሪሳይክሊንግ» ሴሚናር ሲካሄድ ከምናለሽ ተራ ሰው የሚጋበዝ መሆኑን እንጃ፤ መጋበዝ ግን ነበረበት።

የሚሸጠው ሁሉ ከተሸጠ በኋላ ማንም የማይነካው ነገር ይቀራል፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የተሰበረ ብሎኬት፣ ልስን፣ የአርማታ ቁራጭ። ይህንን ነው ሎደር እየዛቀ ገልባጭ መኪና ላይ የሚጭነው። እና የኔ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው፤ ገልባጩ ወዴት ሄደ?

ሾፌሩን ያገኘሁት ጎሚስታ ቤት ነው። በከተማው ምሥራቅ ዳር፣ ገልባጮች ጎማ የሚያስጠግኑበት መንገድ ዳር ለሁለት ቀን ተቀምጬ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ወይ ሳቀብኝ ወይ «ከማን ነው የተላክሽው?» አለኝ። አንድ ጠና ያሉ ሾፌር ግን ሻያቸውን እያማሰሉ «ጠይቂ» አሉኝ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ስማቸውን እንዳልጽፍ ቃል አስገብተውኛል። በዚያ መጋቢት ከፒያሳ ብዙ ቢያጆ መጫናቸውን ነገሩኝ። በቀጥታ ወደ መድፊያ ያልሄደው ጥቂቱ ጭነት የት እንደደረሰም ያውቃሉ፤ ራሳቸው ናቸውና ያፈሰሱት።

«ላሳይሽ እችላለሁ» አሉ። «ግን ልጄ፣ በዚያ ጫማ አይሆንም።»

ካባ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እንደ ጎሚስታ፣ እንደ ቢያጆ፣ እንደ ፒያሳ ራሷ። የድንጋይ ማውጫ ማለት ነው። በሕጋችን ግን ካባ ማዕድን ማውጫ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ለኮንስትራክሽን ማዕድናትም ፈቃድ የሚሰጥበትን ሥርዓት ይዟል። የአዲስ አበባ ሕንፃ ሁሉ ጠጠር ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ ነው የሚወጣው። ጠጠሩን የሚያወጣው መንገድ ደግሞ አስፋልት አይደለም። ካባው የወጣበት ባለቤት በራሱ ወጪ፣ ባገኘው ነገር የሚጠርገው መንገድ ነው።

የሄድነው በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናብ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጣለ በኋላ ነው። ከአስፋልቱ እንደ ወጣን ሲኖትራኩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰው «ቀይ ሽብር» የሚለው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲያዩት አስፈሪነቱ ይቀንሳል፤ የሚያስፈራው መንገዱ ነው። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ፣ በክረምት ማጥ። ጋሼ የሚከፈላቸው በቢያጆ ነው። መንገዱ ደረቅ ሲሆን በቀን አምስት ይመላለሳሉ፤ ሲጨቀይ ሁለት፣ አንዳንዴም አንድ ጊዜ ገብቶ እዚያው ማደር። «እኔ ደመወዜን የምቀበለው ከሰውየው አይደለም፤ ከዚህ መንገድ ነው» አሉኝ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ።

ይህን አነጋገር በኋላ አምስት ኪሎ ሲቪል ምህንድስና ለምትማር ጓደኛዬ ስነግራት «ትክክል ነው» አለች። ጎማ መሬት ውስጥ በሰጠመ ቁጥር መኪናው ሜዳ ላይም ሆኖ ዳገት እንደሚወጣ ነው የሚሠራው። ነዳጁ ያልቃል፣ ማርሹ ይለፋል፣ ጎማው ይበላል። ትልልቆቹ ማዕድን ማውጫዎች ይህን ከልብ የሚያስቡት ለዚህ ነው። በውጭ አገር ገላጣ ማዕድን ማውጫዎች ውስጥ ከ300 ቶን በላይ የሚጭኑ መኪኖች አሉ፤ የአንዱ ጎማ ቁመት ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። በሁለት አቅጣጫ የሚነዳበት መንገድ ስፋት ቢያንስ የመኪናውን ወርድ ሦስት ተኩል እጥፍ እንዲሆን ይመከራል። እንዲህ ያለውን መንገድ በተገዛ ጠጠር ማን ይሠራዋል? ማዕድኑን ለማግኘት የተነሣውን፣ ራሱ ዋጋ የሌለውን ድንጋይ ያነጥፉታል። በአካባቢው የብረት ማቅለጫ ወይም በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ካለ ዝቃጩንና አመዱንም ይቀላቅሉበታል።

አስፋልት ራሱ የዚህ ዘመድ መሆኑን ያወቅኩትም ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ኤድጋር ሁሊ የሚባል ብሪታኒያዊ መሐንዲስ ዴንቢ በሚባል ቦታ አንድ ብረት ማቅለጫ አጠገብ ሲያልፍ፣ ከጋሪ የወደቀ የሬንጅ በርሜል ፈስሶ ያያል። ሰዎቹ መሬቱ እንዳይለጠልጥ ብለው ከማቅለጫው የወጣውን ዝቃጭ ድንጋይ በላዩ ደፍተውበታል። ያ ቦታ አቧራ የለውም፣ ጎማ አልሰረጎደውም። በዓመቱ ፈጠራውን በስሙ አስመዘገበ፤ «ታርማክ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። የፈሰሰና የተጣለ ነገር ተገናኝተው ነው እንግዲህ ያ ሁሉ መንገድ።

ወደ ካባው ልመለስ። ከአስፋልቱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እንደገባን ጋሼ መኪናውን አቆሙና «ይኸውልሽ፣ ከዚህ እስከዚያ ዛፍ ድረስ የፒያሳ ነው» አሉኝ። ወረድኩ።

መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ሌላ ቦታ ካለው መንገድ አይለይም። ጎንበስ ስል ግን ብሎኬት አለ፣ የሴራሚክ ስባሪ አለ፣ የአርማታ ቁራጭ አለ፤ ሁሉም በጎማ ተድጦ ከገረጋንቲው ጋር ተዋህዷል። ይህ ክፍል ሁለት ክረምት አልፎበታል፣ ውኃ አልተኛበትም። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ ሌላ ክፍል አለ፤ እሱም ያኔ የተሞላ ነው። እዚያ ጎማው የቆፈረው ቦይ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፣ ውስጡ ቡናማ ውኃ ቆሟል። ልዩነቱን ስጠይቃቸው ጋሼ በእግራቸው አንድ ጓል ፈጭተው አሳዩኝ። ውስጡ ጭድ ነበረበት።

«ጭቃ ነው። የጭቃ ቤት መንገድ አይሆንም። መንገድ የሚሆነው የሀብታም ቤት ነው» ብለው ሳቁ።

እኔ ግን ሳቄ አልመጣም።

ሌላም ችግር ነበረ። ፍርስራሹ እንደተጫነ ነው የተደፋው፤ የለየው የለም፣ የፈጨው የለም። መጀመሪያው ወር ላይ ሚስማርና ፌሮ ከመሬት እየወጣ ጎማ ጨርሷል፤ ጋሼ ብቻ ሁለት ጎማ ከስሮባቸዋል፣ ከኪሳቸው። አንድ ረዳት ድንጋይ ሊያስተካክል ወርዶ የዛገ ብረት ጫማውን አልፎ እግሩን ወግቶት ለሳምንታት ተኝቷል። ሰፋ ያለ ሐሳብ ያለው ሰው «ቆሻሻን ወደ ሀብት» ሲል ሳምንታት የተኛው ረዳት በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት ባይ ነኝ። መንገዱ ለባለቤቱ በነፃ ተሠርቷል ቢባልም፣ ዋጋውን ከፍለውለታል።

ጓደኛዬ እንደምትለው ደግሞ ይህን መከላከል ተአምር አይጠይቅም። ጭቃውን ለይቶ ማውጣት፣ ብረቱን መንቀል (ብረቱ ይሸጣል!)፣ የቀረውን በክሬሸር መፍጨት፣ በስስ ንጣፍ እየበተኑ ውኃ እያጠጡ በሩሎ መዳመጥ ነው። ከዚያ በፊት ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ ውስጥ ለአራት ቀን ውኃ ውስጥ ነክሮ ምን ያህል ሸክም እንደሚችል መለካት። ሲ.ቢ.አር. ይሉታል። አራት ቀን የሚነከረው የክረምቱን ክፋት ለማስመሰል ነው። እነሱ ክፍል ውስጥ የሸንኮራ አገዳ ገለባ አመድ፣ የዕብነ በረድ ዱቄት፣ የብረት ዝቃጭ ከጥቁር አፈር ጋር እየቀላቀሉ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። «ታዲያ የት አለ መንገዱ?» አልኳት። «ላይብረሪ ውስጥ» አለችኝ።

የረጲን ነገርም ያነሣችልኝ እሷ ናት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው መቅበሩን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያው አጠገብ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። ቆሻሻ ሲቃጠል ግን አይጠፋም፤ በዚህ ዓይነት ማመንጫ ከሚገባው ክብደት አራተኛ ወይም አምስተኛ የሚሆነው አመድ ሆኖ ከታች ይወጣል። ዴንማርክ ይህንኑ የታች አመድ ብረቱን ለቅማ፣ አቆይታና መርምራ ከመንገድ ሥር ታነጥፈዋለች። «መርምራ» የሚለውን ቃል ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ ደገመችው። ምክንያቱም ሳይመረመር የተነጠፈ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ምሳሌ አለ። ኦክላሆማ ውስጥ ፒቸር የምትባል የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ከተማ ነበረች። ከማዕድኑ የተረፈውን ጠጠር ሰዉ በነፃ እየወሰደ መንገድና ግቢ አነጠፈበት፣ ልጆች ክምሩ ላይ ተንሸራተቱበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሕፃናቱ ደም ሲመረመር ከሦስቱ በአንዱ ገደማ እርሳሱ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ ፈረሰች። እኛም አገር የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ክሮሚየም አለበት። ነፃ ነው ተብሎ የትም አይነጠፍም።

የምሳው ሰዓት ደርሶ ልንመለስ ስንል መንገዱ ዳር አንድ ነገር ዓይኔን ሳበው። የብሎኬት ቁራጭ ነው፤ አንድ ጎኑ ልስን አለው፣ ልስኑ ላይ ሰማያዊ ቀለም። ልቤ ደነገጠ። የአያቴ ማድ ቤት በብሎኬት ነው የተቀጠለችው፤ ቀለሟ ሰማያዊ ነበር። ጠርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በዚያች ሰዓት ያቺ የተከበበች ዓረፍተ ነገር ከሞት ተነሣች። «ማን አየ?» «እኔ!» እያልኩ ነው ከተማ የገባሁት።

አያቴ አሁን የሚኖሩት ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ አይወርዱም። ቡና እያፈሉ ደረስኩ። ምንም ሳልናገር ቁራጩን ከጋዜጣው ፈትቼ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩት።

መነጽራቸውን አደረጉ። አገላበጡት። ከዚያ በቢላዋ ጫፍ ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አደረጉ። ከሰማያዊው ሥር ቢጫ ወጣ።

«የኛ አይደለም» አሉ። «የኛ ሥሩ አረንጓዴ ነው። አያትሽ አረንጓዴ ቀብቶት አልወደድኩትም ብዬ ነው ሰማያዊ ያስደረግኩት። ሰማያዊማ ሠፈሩ ሁሉ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ከአንድ ሱቅ አይደል እንዴ የምንገዛው!»

«ታዲያ የኛ ድንጋይ የት ሄደ?» አልኳቸው።

«የመሠረቱ? የመሠረቱንማ ሸጥነው እኮ። ጎረቤቶቻችን ከእኛም ከእነሱም አንድ ላይ አድርገው ለአጥር የሚፈልግ ሰው ጠርተው ወሰደው። ብሎኬቱንም ደህና ደህናውን እሱው ነው የለቀመው። ብሩን ለሠፈሩ ዕድር ሰጠን። አልነገርኩሽም?»

አልነገሩኝም፤ ምክንያቱም አልጠየቅኳቸውም። ጎሚስታ ቤት ሁለት ቀን ተቀምጫለሁ፣ ሲኖትራክ ተሳፍሬ ካባ ወርጃለሁ፣ የአምስት ኪሎን ልጅ አድክሜያለሁ፣ እንግሊዝና ኦክላሆማ ድረስ አንብቤያለሁ። የቤቱን ባለቤት ግን ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም። በዚያች ደቂቃ መምህሬ ፊት የቆምኩ ያህል ነው ያፈርኩት።

ዓረፍተ ነገሯን ያን ማታ ሰረዝኳት። በቦታዋ የገባችው እንዲህ ትላለች፦ «ከካባው መንገድ አንዱ ክፍል ከፒያሳ በመጣ ፍርስራሽ መሞላቱን ያፈሰሰው ሾፌር ነግሮኛል፤ እኔ ያየሁት የብሎኬት፣ የሴራሚክና የአርማታ ስባሪ፣ ጭድ ያለበት ጭቃና አንድ ሰማያዊ ልስን ነው።» ከቀድሞዋ ጋር ስትተያይ አታምርም።

አያቴ ሁለተኛውን ቡና ሲቀዱልኝ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። ክረምቱን ይዟል ወይ አሉኝ። ብሎኬትና አርማታ ያለበት ይዟል፣ ጭቃው ግን በመጀመሪያው ክረምት ነው የሄደው አልኳቸው።

ስኒውን እንደያዙ ትንሽ አሰቡ።

«እንግዲህ የኛ ቤት ግድግዳው ጭቃ ነበር» አሉ። «ስኳር ጨምሪ።»